ጠረጴዛውን ማን ገፋው? ሙታንን እናነጋግራለን ያሉ ሰዎችና የመረመሯቸው ሰዎች ታሪክ

በዚህ የታሪክ ገጽ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድንበር ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ወጣ ያለ ርዕስ ይዘን መጥተናል። “እናውቃለን፣ እናያለን፣ የሞተን ሰው እናናግራለን” የሚሉ ሰዎችን ጠጋ ብለው የመረመሩ ሰዎችን ታሪክ ልናወጋችሁ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የአሜሪካና የእንግሊዝ ነው። ነገር ግን ለእኛም የማይቀርብ አይደለም።

ለምን ይህን መረጣችሁ ለሚለን፦ እዚህ ካምፕ ውስጥ የጠፋ ሰው የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። አንዱ በመንገድ ላይ ከወንድሙ ተለያይቶ ቀርቷል፣ የሌላዋ ባል ተይዞ ከተወሰደ ወዲህ ወሬው የለም። ቀይ መስቀል የፍለጋ ቅጽ ያስሞላል፤ መልሱ ወራት ይፈጃል፣ ዓመትም ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይመጣም። ታዲያ በዚህ መሃል “እዚያ ብሎክ አንድ አዋቂ አለ” የሚል ወሬ ይሰማል። የወር ራሽኑን ዱቄትና ዘይት ሸጦ “በሕይወት አለ ወይስ የለም?” ብሎ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። በእንዲህ ያለው ሰው ልንሳለቅበት አልተነሳንም። የሱ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። እኛ የምንጠይቀው ስለ መልስ ሰጪው ነው፤ ያወቀውን እንዴት አወቀ?

ሌላም አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ይህ ስለ ሃይማኖት የተጻፈ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስም ሆነ ቁርዓን ጠንቋይን እንደማይወዱ ለእናንተ መንገር አያሻንም። ይሁን እንጂ “አትሂድ” ብሎ መከልከል አንድ ነገር ነው፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ ሌላ። ከታች የምናወራላቸው ሰዎች የሠሩት ሁለተኛውን ነው።

ነገሩ የጀመረው በልጆች ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1848 መጨረሻ፣ ኒው ዮርክ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሃይድስቪል በምትባል ትንሽ መንደር፣ የአንድ ቀጥቃጭ ቤተሰብ በሌሊት ኳ! ኳ! የሚል ድምፅ እየሰማ እንቅልፍ አጣ። በቤቱ ሁለት ልጆች ነበሩ። ማርጋሬት ፎክስ ዕድሜዋ 14 ገደማ፣ ታናሿ ኬት 11 ገደማ። ልጆቹ ድምፁን ያናግሩት ጀመር። “እንደኔ አድርግ” ብለው ጣታቸውን ሲያንኳኩ ያም መልሶ ያንኳኳል። እናት ደንግጣ “የልጆቼን ዕድሜ ንገረኝ” ስትለው በትክክል እየቆጠረ አንኳኳ። ጎረቤት ተጠራ። መንፈሱም በቤቱ ተገድሎ ምድር ቤት የተቀበረ ነጋዴ ነኝ አለ፤ “አለ” ስንል ያው በማንኳኳት ነው።

ታላቅ እህታቸው ሊያ ነገሩ እንጀራ እንደሚያበላ ቶሎ ገባት። በኅዳር 1849 ሮቸስተር ከተማ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ሕዝብ በክፍያ እንዲያይ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ነው የሄደው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካም በእንግሊዝም በየከተማው ሙታን ሳቢ ሞላ። በ1851 ቡፋሎ ከተማ ሦስት ሐኪሞች ልጆቹን መረመሩና ድምፁ ከጉልበት መገጣጠሚያ የሚወጣ ነው ብለው ጻፉ። የእህትማማቾቹን ተረከዝ ለስላሳ ትራስ ላይ አሳርፈው፣ እግራቸው የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር ሲያጣ ማንኳኳቱ ጠፋ። ማን ሰማቸው? ማንም። የጋዜጣ ወሬ ከሐኪም ጽሑፍ ይፈጥናላ።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 21 ቀን 1888፣ ማርጋሬት ራሷ በኒው ዮርክ ከተማ ትልቅ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ወጣች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ላይ አደረገች። አዳራሹ ጸጥ አለ። የእግሯን አውራ ጣት ስታንቀሳቅስ ያ የታወቀው ድምፅ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ኬት ከተመልካቹ መሃል ተቀምጣ ታይ ነበር። ሲጀመር ፖም በገመድ አስረን ወለሉን እያስነካን እናታችንን ለማስፈራራት ያደረግነው ጨዋታ ነው፣ በኋላ ደግሞ በጣታችን መገጣጠሚያ መሥራት ተማርን አለች። ያመኑት ሰዎች ግን አላመኗትም! “ድህነትና መጠጥ ነው ያስለፈለፋት” አሉ። በርግጥም ሁለቱም ደሃ ነበሩ፣ ሁለቱም ይጠጡ ነበር። በዓመቱ ማርጋሬት ቃሏን መልሳ “የተናገርኩት ሐሰት ነው” አለች። ኬት በ1892፣ ማርጋሬት በ1893 በድህነት ሞቱ። በእነሱ ጣት የተጀመረው ነገር ግን ያን ጊዜ አድጎ የራሱ ማኅበርና ጋዜጣ ያለው ሆኗል።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ብለን የሌላ ቀጥቃጭ ልጅ እናምጣ። በአገራችን ቀጥቃጭ “ቡዳ ነው” እየተባለ ስንት ዘመን ሲገለልና ሲፈራ እንደኖረ ታውቃላችሁ። በእንግሊዝ አገር ግን ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ አንድ ሰው ስለ መንፈስ ከሁሉ የተሻለውን ምርመራ አደረገ። ማይክል ፋራዳይ ይባላል፤ በ1791 ተወለደ። ትምህርት ቤት ብዙም አልገባም፣ በመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ የሚጠርዘውን መጽሐፍ እያነበበ ነው የተማረው። ዛሬ ጄኔሬተር የሚሠራበትን ሕግ ያገኘው እሱ ነው።

በ1853 በለንደን “ጠረጴዛ ማዞር” የሚባል ነገር ፋሽን ሆነ። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጡና እጃቸውን ከላዩ ያሳርፋሉ። ጥቂት ከቆየ በኋላ ጠረጴዛው መንቀሳቀስ፣ መዞር፣ አንዳንዴም በክፍሉ ውስጥ መሄድ ይጀምራል። ሁሉም “እኔ አልገፋሁም” ብለው ይምላሉ። ከእነሱ ውስጥ ሐቀኛና የተከበሩ ሰዎች ነበሩበት፣ ስለዚህ ወይ መንፈስ ነው፣ ወይ ያልታወቀ ኤሌክትሪክ ነው ተባለ። ኤሌክትሪክ ከተባለ ደግሞ የሚጠየቀው ፋራዳይ ነው።

ፋራዳይ ያደረገውን ነገር ልብ በሉ። ሰዎቹን ውሸታሞች አላላቸውም። ጠረጴዛ ማዞር እንችላለን የሚሉና እሱ ራሱ በሐቀኝነታቸው የሚተማመንባቸውን ሰዎች ጠራ። ከዚያም ካርቶኖችን አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ፣ በመካከላቸው ቶሎ የማይደርቅ ለስላሳ ማጣበቂያ አድርጎ፣ የታችኛውን ጠረጴዛው ላይ አጣበቀ። ሰዎቹ እጃቸውን በላይኛው ካርቶን ላይ አደረጉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንፈሱ ጠረጴዛውን የሚጎትት ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው የታችኛው ካርቶን ነው፣ የላዩና እጅ ወደ ኋላ ይቀራሉ። እጅ የሚገፋ ከሆነ ግን የላይኛው ይቀድማል፣ ጠረጴዛው ይከተላል። ጠረጴዛው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ካርቶኖቹን ሲያያቸው የላይኛው ቀድሞ ሄዷል። እጅ ነው የገፋው።

ታዲያ ሰዎቹ ዋሽተዋል? እዚህ ላይ ነው የፋራዳይ ብልሃት። ሁለተኛ መሣሪያ ሠራ። ሁለት ሰሌዳዎች፣ በመካከላቸው የሚንከባለሉ የመስታወት ዘንጎች፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ላስቲክ፣ ከዳር ደግሞ የላይኛው ሰሌዳ ትንሽ እንኳ ወደ ጎን ከሄደ ወዲያው የሚያዘነብል የገለባ ጠቋሚ። ጠቋሚው ከሰዎቹ ዓይን ሲሰወር ጠረጴዛው እንደ ወትሮው ሄደ። ጠቋሚው ሲታያቸውና እጃቸው መግፋት መጀመሩን በዓይናቸው መከታተል ሲችሉ ጠረጴዛው ቆመ፤ ፈጽሞ አልንቀሳቀስ አለ። ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም። ሳያውቁት ይገፉ ነበር። ራሳቸውን ማየት ሲችሉ መግፋት አቆሙ።

ፋራዳይ ይህን በሰኔ መጨረሻ 1853 “ታይምስ” ለሚባለው ጋዜጣ በደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዊሊያም ካርፐንተር የተባለ ሐኪም ሐሳብ ብቻውን፣ ያለ ፈቃዳችን፣ ጡንቻን እንደሚያንቀሳቅስ ጽፎ ነበር። ይህን እናንተም ዛሬ ማታ መሞከር ትችላላችሁ። ቀለበት ወይም የቁልፍ ፍሬ በክር አንጠልጥሉ፣ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ “ክብ ይዙር” ብላችሁ አተኩራችሁ ተመልከቱ። ይዞራል። “ወደ ጎን ይወዛወዝ” በሉት፣ ይወዛወዛል። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ሌላ ሰው ይመልከት። ይህን ለልጅ ያሳየ አስተማሪ አንድ ሰዓት ሙሉ ሌላ ነገር ማስተማር አይችልምና በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቢያደርገው ይሻላል።

እስካሁን ያየነው ጨዋታና ፋሽን ነው። ነገሩ የመረረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ሚሊዮኖች ሞቱ፣ የብዙዎቹም ሬሳ እንኳ አልተገኘም። እናቶች መቃብር አጡ። በእንግሊዝ አገር የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ኦሊቨር ሎጅ ልጁ ሬይመንድ በ1915 ጦር ሜዳ ላይ ተገደለበትና ሙታን ሳቢ ዘንድ ሄደ። ከልጄ ጋር ተነጋገርኩ ብሎም በ1916 መጽሐፍ አሳተመ። የመርማሪው የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይልም ከዋናዎቹ አማኞች አንዱ ሆነ። ልጁ ኪንግስሊ በጦርነቱ ቆስሎ ተርፎ፣ በጥቅምት 1918 በዚያ ዓለምን ባዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ሞተ። እኛ “የኅዳር በሽታ” የምንለው ነው፤ ዛሬም ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበው። እንግዲህ አስቡት፣ እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ አይደሉም። አንዱ ሳይንቲስት ነው፣ ሌላው ሐኪምና ደራሲ። “የተማረ ሰው አይታለልም” የሚለውን አባባል እኛ ከዚህ በኋላ አንደግመውም።

አሁን ዋናው ሰውዬ ይመጣል፦ ሃሪ ሁዲኒ። የትውልድ ስሙ ኤሪክ ቫይስ ነው፣ በ1874 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ረቢ ተወለደ። ቤተሰቡ አሜሪካ የገባው በ1878 ነው። አባትየው እንግሊዝኛ አልሆንለት ብሎ ሥራውን አጣ፣ ልጆቹ በችግር አደጉ። ስደተኛ ቤት እንዴት እንደሆነ ለእናንተ መግለጽ አያስፈልግም። ሁዲኒ ከሰንሰለትና ከእጅ ካቴና በማምለጥ ዓለም ያወቀው ምትሃተኛ ሆነ። ወጣት ሳለ ግን እሱና ሚስቱ ቤስ፣ እንጀራ ሲያጡ፣ በየመንደሩ እየዞሩ “ሙታንን እናናግራለን” የሚል ትርኢት አሳይተዋል። አስቀድሞ መቃብር ቦታ ሄዶ በድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስም ያጠናና ማታ መድረክ ላይ ይናገረዋል። በኋላ በዚህ በጣም አፍሯል። ያም ሆኖ የሌባን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሌባ ለመያዝ ይቀለዋል።

ሁዲኒ እናቱን ከሁሉ አብልጦ ይወድ ነበር። በ1913 እሱ አውሮፓ ሳለ ሞተችበት። ከኮናን ዶይል ጋር በ1920 ወዳጅ ሆኑ። በሰኔ 1922 አትላንቲክ ሲቲ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ዶይልና ሚስቱ “እናትህን እናምጣልህ” አሉት። ወይዘሮ ዶይል እርሳስ ያዘች፣ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ 15 ገጽ ጻፈች። የእናት ፍቅር የሞላበት ደብዳቤ ነው። ሁዲኒ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ደብዳቤው አናቱ ላይ መስቀል አለው፤ እናቱ ግን የአይሁድ ረቢ ሚስት ነበረች። ደብዳቤው በጥሩ እንግሊዝኛ ተጽፏል፤ እናቱ ግን እንግሊዝኛ አትችልም ማለት ይቻላል። ያን ቀን ደግሞ የልደቷ ቀን ነበር፣ ደብዳቤው ግን ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ዶይል ሲጠየቅ “መስቀሉን ሚስቴ በምትጽፈው ሁሉ ላይ ታደርገዋለች፣ መንፈስ ደግሞ በቋንቋ አይታሰርም” አለ። ወይዘሮ ዶይል እያወቀች አታላለች ለማለት አንደፍርም፣ ሁዲኒም አላላትም። የፋራዳይን ጠረጴዛ አስታውሱ። ወዳጅነታቸው ግን ከዚያ በኋላ እየሻከረ ሄዶ ተቋረጠ።

በ1922 መጨረሻ “ሳይንቲፊክ አሜሪካን” የተባለው መጽሔት ሽልማት አወጣ። በመርማሪ ኮሚቴ ፊት እውነተኛ የመንፈስ ሥራ ላሳየ 2,500 ዶላር፣ እውነተኛ የመንፈስ ፎቶግራፍ ላመጣም ሌላ 2,500 ዶላር። በኮሚቴው ውስጥ ከሃርቫርድ ፕሮፌሰር ጋር ሁዲኒም ነበረበት። ብዙዎች መጥተው ወደቁ። በመጨረሻ በቦስተን ከተማ የአንድ የታወቀ ቀዶ ሐኪም ሚስት፣ ሚና ክራንደን ቀረበች። በመጽሔቱ ላይ “ማርጀሪ” በሚል ስም ነበር የምትጠራው። ቆንጆ፣ ተጫዋች፣ እንግዳ አክባሪ ናት፤ ገንዘብ አትቀበልም። መርማሪዎቹ ገሚሶቹ እሷው ቤት ያድራሉ፣ እሷው ማዕድ ላይ ይበላሉ። እንደኛ አስተያየት ምርመራው ግማሽ በግማሽ የተበላሸው እዚያ ማዕድ ላይ ነው። እንጀራዋን በልተህ ማታ “አታላይ ነሽ” ማለት ይከብዳል።

የሚመጣላት መንፈስ በ1911 በባቡር አደጋ የሞተው ወንድሟ ዋልተር ነው። ዋልተር በጨለማ ይናገራል፣ ይሳደባል፣ ያፏጫል፣ ደወል ይደውላል። በሐምሌ 23 ቀን 1924 ሁዲኒ ቤቷ ገባ። ስብሰባው በጨለማ ነው። ሁሉም እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ሁዲኒ ከሷ ግራ ተቀምጦ እጇን ይዟል፣ እግሩም እግሯን ነክቷል። ደወሉ በሳጥን ውስጥ ሆኖ በሁዲኒ እግሮች መሃል ተቀምጧል። ክዳኑ ሲጫን ይጮሃል። እጇም እግሯም ከተያዘ ማን ይደውለዋል?

ሁዲኒ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከጉልበቱ በታች ጠባብ የላስቲክ ማሰሪያ አስሮ ነበር የዋለው። እግሩ ስላበጠ ቆዳው ትንሽ ንክኪ እንኳ ይሰማዋል። መብራቱ ሲጠፋ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። ከዚያም የማርጀሪ እግር ቀስ በቀስ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ የእሱን እየታከከ ወደ ደወሉ ሳጥን ሲንሸራተት ተሰማው። ደወሉ ጮኸ። እግሯ ተመለሰ። በዚያው ሌሊት ዋልተር የድምፅ ማጉያውን ጡሩምባ “ወዴት ልወርውረው?” ብሎ ጠየቀ፣ ሁዲኒ “ወደ እኔ” አለው፣ ጡሩምባውም እግሩ ሥር ወደቀ። ሁዲኒ እንዳስረዳው፣ እጇ ለአንድ አፍታ ሲለቀቅ ጡሩምባውን እንደ ቆብ ራሷ ላይ ደፍታው ነበር፤ ኋላ እጇም እግሯም ተይዞ ሳለ በራሷ እንቅስቃሴ ወረወረችው። በጨለማ ውስጥ ሰው የሌላውን ሰው ራስ ይዞ አያውቅም።

ሁዲኒ የእሷን ጥፋት ያጋለጠ ቢሆንም እሱም ከአሉባልታ አላመለጠም። በነሐሴ ወር በተደረገው ስብሰባ እሷን አስቀምጦ በሠራው ሳጥን ውስጥ የሚታጠፍ ማስመሪያ ተገኘ። እሱ “እሷ አስገባችው” አለ፣ የሷ ወገኖች “እሱ ሊወነጅላት አስገባው” አሉ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ኮሚቴው በየካቲት 1925 ሽልማቱን ከለከላት። አማኞቿ ግን አልቀነሱም፣ እንዲያውም ባሰባቸው። ዋልተር የአውራ ጣቱን አሻራ በጥርስ ሐኪም ሰም ላይ ማተም ጀመረ። “የሙት ሰው አሻራ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?” ተባለ። በ1932 አንድ የራሷ ወገን የነበረ መርማሪ ለዝርዝሩ ሙሉነት ብሎ የጎብኚዎቿን ሁሉ አሻራ ሲሰበስብ፣ የዋልተር አሻራ ከጥርስ ሐኪሟ አሻራ ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ሐኪሙ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ሰሙን አስቀድሞ የሰጣት፣ ለናሙናም የራሱን ጣት ያተመበት እሱ ነበር።

ሁዲኒ ብቻውን አልሠራም። ሮዝ ማከንበርግ የምትባል መርማሪ ነበረችው። እሱ ወደ አንድ ከተማ ከመግባቱ ቀደም ብላ ትሄዳለች። አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ባላገር፣ ሌላ ቀን ልጇን የቀበረች እናት መስላ ከአንዱ ሙታን ሳቢ ወደ ሌላው ትዞራለች። አግብታ አታውቅም፣ ልጅም አልወለደችም። ቢሆንም ከሌለ ባሏና ካልተወለዱ ልጆቿ ስንቱ መልእክት አመጣላት! እሷ ራሷም ገንዘብ ከፍላ፣ ትንሽ እንኳ ችሎታ ሳታሳይ፣ የዚያ እምነት “አገልጋይ” ተብላ በተደጋጋሚ ተሹማለች። በ1926 ሁዲኒ በዋሽንግተን ለገንዘብ መጠንቆልን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ለአሜሪካ ምክር ቤት መሰከረ፣ እሷም መሰከረች። ሕጉ አልወጣም። ሁዲኒ በዚያው ዓመት በጥቅምት 31 ሞተ። ቤስ ለ10 ዓመት በየዓመቱ በዚያ ቀን መንፈሱን ስትጠራ ቆይታ በ1936 አቆመች። አልመጣም።

ማከንበርግ ዘንድ የመጡት መልእክቶች ከየት መጡ? መልሱ ለእኛ ይጠቅማልና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጠያቂዋ ጥቁር ልብስ ለብሳ ገባች፣ ዓይኗ አብጧል። አዋቂው ይጀምራል፦

“አንድ ወንድ አያለሁ... ስሙ ላይ ‘መ’ ወይም ‘አ’ አለበት።”
“አባ... አበራ! ወንድሜ ነው!”
“አዎ፣ አበራ። እሱ ነው የሚለኝ። መንገድ ላይ ነው ያየሁት፣ ውሃ አለ።”
“ወንዝ ሲሻገሩ ነው የተለያየነው!”

ስሙን ማን ተናገረ? ወንዙንስ? እሷው ናት። ቤቷ ስትመለስ ግን “ስሙን ጠራልኝ፣ ወንዙን ነገረኝ” ትላለች፤ ስትልም አትዋሽም። የተሳሳተውን ትረሳለች፣ የገጠመውን ታስታውሳለች። ስደተኛ ሆኖ መንገድና ውሃ በታሪኩ ውስጥ የሌለበት ማን አለ? በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ መግለጫ ለየብቻ ሰጣቸውና “ምን ያህል አንተን ይገልጻል?” ብሎ ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። በአማካይ 4.26 ሰጡ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውን የቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ አስቀድሞ ማጣራት ነው። ሁዲኒ መቃብር ቦታ የሠራው ማለት ነው። በእኛ ዘመን በጣም የታወቀው ምሳሌ የፒተር ፖፖፍ ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ በቴሌቪዥን የሚታይ ፈዋሽ ሰባኪ ነበር። በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ መሃል ገብቶ የማያውቀውን ሰው በስሙ ይጠራል፣ በሽታውን፣ የመንደሩን አድራሻ ሳይቀር ይናገራል። ምትሃተኛው ጄምስ ራንዲ በ1986 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ የሬዲዮ መቀበያ ይዞ በአዳራሹ እንዲገባ አደረገ። የተሰማው የሴት ድምፅ ነው። የፖፖፍ ሚስት ከውጭ በሬዲዮ ሆና፣ ሰዎቹ ሲገቡ ከሞሉት የጸሎት ካርድ እያነበበች በባሏ ጆሮ ውስጥ በተደበቀ ትንሽ ማዳመጫ ትነግረው ነበር። ራንዲ ቅጂውን በታዋቂው የጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ አሰማው። ፖፖፍ በ1987 ከሰርኩ አለ። በኋላ ግን ተመልሶ በቴሌቪዥን “ተአምራዊ የምንጭ ውሃ” ማደል ጀመረ፣ ሰዎችም ተቀበሉት። ካርድ ሞልታችሁ ካስገባችሁ በኋላ የሞላችሁትን መልሶ የሚነግራችሁ ሰው ሲያጋጥማችሁ እኛን አስታውሱን።

ራንዲ በ1964 የጀመረው የ1,000 ዶላር ሽልማት እያደገ ሄዶ አንድ ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፣ በ2015 እስከተዘጋበት ድረስ ማንም አልወሰደውም። ራንዲ በ2020 ሞተ። ከመጡት አመልካቾች ውስጥ አታላዮች ጥቂት ናቸው ይል ነበር፤ አብዛኞቹ ራሳቸው የሚያምኑ ናቸው። ለምሳሌ በሹካ እንጨት ወይም በሽቦ የከርሰ ምድር ውሃ እናገኛለን የሚሉት። እዚህ የጉድጓድ ውሃ ወረፋ ለምንጠብቀው ለእኛ ይህ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ጉድጓድ በተሳሳተ ቦታ ቢቆፈር ስንት ገንዘብ ይሄዳል።

በ1979 ራንዲ ጣሊያን አገር አራት ውሃ ፈላጊዎችን ፈተነ። በሜዳው ላይ ቧንቧዎች በተለያየ መንገድ ተቀበሩ፣ በየሙከራው ውሃ የሚሄደው በአንዱ ብቻ ነው። ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳቸው “ፈተናው ፍትሐዊ ነው” ብለው ተስማሙ። እንጨቱ በእጃቸው ላይ ሲንቀሳቀስ ሁሉም አይተዋል፤ እውነትም ይንቀሳቀሳል፣ እንደ ለንደኑ ጠረጴዛ። የቧንቧውን መንገድ ግን አንዳቸውም አላገኙትም። ውጤቱ ሲነገራቸው ምክንያት መደርደር ጀመሩ።